ተማሪ ስለ ብርና ባንክ ከየት ጀምሮ ነው ሚማረው? ሀዋሳ ያላችሁ እስኪ ኑ

ቾክ_አቧራ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤቶች። ሀዋሳ ውስጥ አንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተምራለሁ፣ 10ኛ ክፍል፣ አንድ ክፍል ውስጥ 64 ልጅ።

ነገሩ የጀመረው ባንዷ ተማሪዬ ነው። እናቷ አሞራ ገደል አሳ ትሸጣለች፣ ልጅቷም ከትምህርት መልስ እዛው ነች። የሶስት ሰው ሂሳብ ባንዴ በጭንቅላቷ አውጥታ መልስ ስትሰጥ አይቻታለሁ፣ እኔ ሂሳብ አስተማሪው ገና እየቆጠርኩ ነበር። እና ባለፈው ወር አንዱ ይደውልና "ከባንክ ነው፣ አካውንታችሁ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በሜሴጅ ሚገባውን ቁጥር አንብቢልኝ" ይላታል። የናቷ ስልክ እሷ ጋ ነበር፣ አነበበችለት። 3,400 ብር ሄደ። ያ ብር እንግዲህ እናትየው በማግስቱ አሳ ምትረከብበት ነው። ሰኞ ክፍል ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም፣ ሳወጣጣት ነገረችኝ፣ ከዛ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "ቲቸር እኔ እኮ ቁጥር ነው ያነበብኩለት፣ ብር አልሰጠሁትም"።

ይቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እኛ "አበበ 5,000 ብር በ7 ፐርሰንት ለ3 ዓመት ቢያስቀምጥ" እያልን ወለድ እናሰራለን፣ ልጆቹም ይሰሩታል፣ መልሱም ልክ ነው። አበበ ግን ባንክ ገብቶ አያውቅም። ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ጀምሮ አለ፣ እሱ ደግሞ የራሱ ስራ አለው።

ስለዚ አርብ አርብ 40 ደቂቃ በክበብ ስም አስፈቀድኩ። ዳይሬክተሩ "ከሲለበስ እንዳትወጣ" ብሎኛል፣ እሺ ብያለሁ፣ እወጣለሁ። ጥያቄዬ፦ 40 ደቂቃ ቢኖራችሁ የመጀመሪያው ቀን ምን ታስተምራላችሁ? "ቆጥቡ" ከምትለዋ ውጪ በናታችሁ።

ካውንተር_3

ባንክ ነው ምሰራው፣ የትኛው እንደሆነ ተዉት። ቲቸር እንደኔ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ፎርም አስሞላቸው። እየቀለድኩ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅ ካውንተሬ ላይ መጥቶ ገንዘቡን በፊደል ጻፍ ስለው ይደነግጣል፣ 12,050 ብርን "አስራ ሁለት ሺ አምስት መቶ" ብሎ የጻፈልኝ አለ፣ ያውም ኢንጂነሪንግ ተማሪ። ደሞ ፊርማ። ሁሌ የተለያየ ነው ሚፈርሙት፣ ባለፈው እንዴት ፈርሜ ነበር ብሎ እኔን ሚጠይቀኝ አለ።

ሁለተኛ ነገር፣ ባንክ ፒን አይጠይቅም፣ በሜሴጅ የመጣ ኮድ አይጠይቅም፣ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ እኔ ራሴ የደንበኛ ፒን ማየት አልችልም። ይሄን ለልጆቹ ሲነገር "ለማንም አትናገሩ" ብቻ ከሆነ አይገባቸውም፣ ምክንያቱን ንገራቸው። ያቺ ኮድ ፊርማ ናት። ልጅቷ ቁጥር ነው ያነበብኩት ያለችው ልክ ናት እኮ፣ ማንም ያ ቁጥር የናቷ ፊርማ እንደሆነ አልነገራትም።

ሶስተኛ፣ ወለዱ በዓመት መሆኑን። 7 ፐርሰንት ማለት 1,000 ብር ዓመት ተቀምጦ 70 ብር ነው። በወር 70 ሚመስለው ሰው ስንት እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም፣ ትልልቅ ሰዎች ጭምር፣ ወር ሲሞላ መጥተው ወለዴስ ይሉኛል።

ምን_ተርፎኝ

ሃሃሃ የተማረ ሰው ነገር። 20 ብር ይዞ ከቤት ሚወጣ ልጅ ምኑን ነው ሚቆጥበው? መጀመሪያ ሚቆጠብ ነገር ይኑረው እንጂ። ደሞ ቆጥቦስ? 7 ፐርሰንት ትላላችሁ፣ በ2014 እኮ የዋጋ ንረቱ ከ30 ፐርሰንት በላይ ነበር፣ ሐምሌ 2016 ላይ ደሞ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፣ ያኔ ባንክ 100 ሺ የነበረው ሰውና ዘይት ገዝቶ የከመረ ሰው ማን ነው የሳቀው? ልጆቹን አታሞኟቸው። ይልቅ ብር እንዴት እንደሚሰራ አስተምሯቸው።

ቾክ_አቧራ

@ምን_ተርፎኝ ወንድሜ ግማሹን ልክ ነህ፣ ላስመስል አልፈልግም። ባንክ ያለ ብር በዋጋው ይሳሳል፣ እሱን ራሱን ክፍል ውስጥ አሰራቸዋለሁ፣ 7ቱን ካንድ ወገን የዘይቱን ዋጋ ካንድ ወገን አርገን።

ግን ሚቆጠብ የላቸውም ያልከው ላይ አልስማማም። ክፍሌ ውስጥ ስንቱ ነው ሚሰራው? ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ባጃጅ ላይ ወያላ ሚሆን አለ፣ ካርድ ሚሸጥ አለ፣ ሐይቁ ዳር ቆሎ ምታዞር አለች፣ የክረምቱን ሶስት ወር ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም ከርሞ መስከረም ላይ በራሱ ብር ደብተር ሚገዛ አለ። እነዚህ ልጆች ብር አያውቁም ብሎ ማስተማር ስድብ ነው። ብር ያውቃሉ፣ አንዳንዱ ከኔ በላይ ያውቃል። ማያውቁት ብሩ ወረቀትና ስልክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ነው። ሜሴጁን፣ ፎርሙን፣ ውሉን፣ ከስር በትንሽ ፊደል የተጻፈችውን። እሷ ላይ ነው ሚበሉት።

@ካውንተር_3 ኮዷ ፊርማ ናት ያልከውን ሰረቅኩህ።

ነንካፌ

3ኛ ዓመት ነኝ፣ ሀዋሳ አይደለሁም ግን ቤተሰብ አቶቴ ነው። ቲቸር እባክህ እነዚህን ልጆች ግቢ ከመግባታቸው በፊት ድረስላቸው፣ እኛ ላይ የሆነውን ልንገርህ።

አንድ፣ ነን ካፌ ሆነህ (የግቢውን ካፌ ትተህ የምግቡን ብር በእጅህ ምትቀበል ማለት ነው) የወር ብር ባንዴ እጅህ ሲገባ ሀብታም የሆንክ ነው ሚመስልህ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሽሮ በቅቤ፣ ሁለተኛው ሽሮ፣ ሶስተኛው ዳቦ በሻይ፣ አራተኛው የጓደኛህ ካፌ በር ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ ምናልባት ዳቦ ቢያወጣልህ ብለህ። የዶርሜ ልጅ ብሩ ሲገባ ወዲያው በአራት ፖስታ ከፍሎ ላዩ ላይ ሳምንት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይጽፋል፣ ስቀንበታል፣ ወር መጨረሻ ላይ እሱ ጋ ነው ምንበደረው። ቤቲንግ ደሞ አለ። ስለሱ ባልናገር ይሻለኛል።

ሁለት፣ የወጪ መጋራት። 1ኛ ዓመት ሰልፍ አሰልፈው ፈርሙ ሲሉን ፈረምን። ምን እንደሆነ ያነበበ ካለ እጁን ያውጣ። ተመርቀህ ስራ ስትይዝ ቢያንስ ከደሞዝህ 10 ፐርሰንት በየወሩ እየተቆረጠ ምትከፍለው እዳ ነው እኮ፣ እኔ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው፣ ብድር ላይ እንዳለሁ አላውቅም ነበር።

ሶስት፣ መጋቢት 2016 ያቺን ሌሊት ታስታውሷታላችሁ። የንግድ ባንክ ሲስተም የተበላሸ ጊዜ። ዶርም ውስጥ ጩኸት ነበር፣ "እየሰጠ ነው እየሰጠ ነው" እያሉ ባዶ አካውንት ያለው ሁሉ በፒጃማ ኤቲኤም ሰልፍ። እኔ አልወጣሁም። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ካርዴ ጠፍቶብኝ ነበር። ከዛ በኋላ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ሲለጠፍ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም፣ ሁሉም "ማሽኑ ነው የሰጠኝ እኔ ምን አጠፋሁ" ነበር ሚለው። ሳስበው የአሳዋ ልጅ ካለችው ጋር አንድ ነው፣ ቁልፍ ነው የነካሁት ብር አልወሰድኩም።

የሁለት_ልጆች_እናት

ጥሩ ሀሳብ ነው ቲቸር እግዜር ይስጥልን ግን አንድ ነገር ልበል። አምና የልጄ ትምህርት ቤት እንዲሁ የቤተሰብ ወጪ ጽፋችሁ ኑ ብለዋቸው፣ ልጅት እንግዳ ተቀምጦ ቡና እየተጠጣ "እማ ደሞዝሽ ስንት ነው ለሆምወርክ ነው" አለችኝ። ባማቴ ፊት! ለአማቴ የነገርኳት ደግሞ ሌላ ነው። በቃ ከዛ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ሳቅ እንዳይመስላችሁ ደሞ፣ የልጄ ጓደኛ አባቷ ስራ ካቆመ ቆይቷል፣ ባዶ ወረቀት ይዛ ሄዳ መምህሯ አልሰራሽም ብላ ቆመሽ ዋዪ አለቻት። ልጆቹ ያላቸውንና የሌላቸውን ክፍል ውስጥ አታስነብባቸው።

ቾክ_አቧራ

እትዬ ይሄ አላሰብኩበትም ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ልክ እንደዛ አይነት ሆምወርክ ልሰጥ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ሌላ መንገድ አሰብኩ፣ የማትኖር ሴትዮ እንፈጥራለን። ወይዘሮ እገሊት እንበላት። ዳቶ ተከራይታ ምትኖር፣ ሁለት ልጅ ያላት፣ ገቢዋ በወር ይሄን ያህል። የጤፉን የቤት ኪራዩን የባጃጁን ዋጋ ልጆቹ ራሳቸው ገበያ ጠይቀው ያመጣሉ፣ የማንም ቤት አይነካም። የራሱን ቤት ታሪክ በሷ ስም መናገር ሚፈልግ ልጅም ይናገራል፣ ማንም አያውቅበትም።

የእቁብ_ዳኛ

ልጆች ሁላችሁም ባንክ ባንክ ትላላችሁ። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ አለኝ፣ ይሄን ሱቅ በእቁብ ነው የከፈትኩት በባንክ አይደለም፣ ባንክ ስሄድ መያዣ አምጣ ነው ያሉኝ፣ መያዣ ቢኖረኝ ምን አስለመነኝ። ለተማሪ እቁብን አስተምር። አስር ሆነው በወር መቶ መቶ ብር ይጣሉ፣ ዳኛ ይምረጡ፣ ጸሐፊ ይምረጡ፣ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ይወቁ። የወሰደ ልጅ ቢቀርስ? ዋሱ ይከፍላላ! ይሄ ነው ትምህርት። ባንክ ያስቀመጥከውን ነገ ሄደህ ታወጣዋለህ ማንም አይቆጣህም፣ እቁብ ግን ዳኛው በርህን ያንኳኳል። እኔ ነኝ ማንኳኳው።

ምን_ተርፎኝ

አባባ ይቅርታ ግን እቁብ ላይ መጨረሻ የደረሰው ሰው እኮ ተበልቷል፣ አስር ወር ከፍሎ ያለ ወለድ ነው ሚወስደው፣ በዛ ላይ በአስረኛው ወር ያ ብር መጀመሪያ የደረሰው የገዛውን ነገር አይገዛም።

የእቁብ_ዳኛ

ልክ ነው ልጄ፣ ለዛ ነው ዕጣ ሚባለው። ደሞ የቸኮለ ሰው ዕጣውን ከሌላው ይገዛል፣ ትንሽ ጨምሮ። ያ የጨመረው ምንድነው ብለህ ጠይቃቸው እስኪ ተማሪዎቹን።

ቾክ_አቧራ

አባባ በዚች ጥያቄ ብቻ ሁለት አርብ አስተምራለሁ። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል፣ ዕጣ የገዛው ደግሞ ወለድ ከፍሏል ግን ማንም ወለድ አላለውም። ልጆቹ ይሄን ከኔ ሰሌዳ ሳይሆን ከናቶቻቸው እቁብ ነው ሚያውቁት። በእውነተኛ ብር ግን አላስጥላቸውም፣ ዳይሬክተሩ ያባርረኛል፣ በካርቶን ብር ይሁን።

ኑር_ሀዋሳ

አሰላሙ አለይኩም ቲቸር። ክፍልህ ውስጥ ሙስሊም ልጆች እንዳሉ አትርሳ። እኔ ተማሪ እያለሁ ወለድ የሚለው ምዕራፍ ሲመጣ አስላ ብቻ ነበር ሚባለው፣ ለፈተና አሰላዋለሁ፣ ቤቴ ግን አይሰራም፣ ስለዚ ባንክ ሚባለው የኔ ቦታ እንዳልሆነ ነበር ማስበው እስከ 20 ምናምን ዓመቴ ድረስ። አሁን ወለድ አልባ መስኮት በየባንኩ አለ፣ ሙሉ ለሙሉ ወለድ አልባ የሆኑም ከ2013 ጀምሮ ተከፍተዋል እንደነ ዘምዘም። ዋዲያ ማለት አደራ ማስቀመጥ ነው፣ ሙዳራባ ደሞ ትርፍ መካፈል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ጨምርላቸው፣ አንድ ልጅ ይበቃኛል የኔን ስህተት ማይደግም።

ቾክ_አቧራ

ወአለይኩም ሰላም፣ ኢንሻላህ ይገባል። እንደውም መጥተህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል፣ በኔ አፍ ዋዲያ ስል ይስቁብኛል።

ፓርክ_ሺፍት_ቢ

እኔ 10ኛ ጨርሼ ነው ከገጠር መጥቼ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባሁት። አካውንት ድርጅቱ ከፈተልን ኤቲኤም ሰጡን። አጠቃቀሙን ስለማላውቅ አብራኝ ምትኖር ልጅ ናት ምታወጣልኝ የነበረው ካርዱም ፒኑም እሷ ጋ ስምንት ወር። ጥሩ ልጅ ነበረች አልወሰደችብኝም ግን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል ብትወስድብኝስ ለማን እናገራለሁ።

እኔ ምለው ደሞዝ ማንበብ አስተምሯቸው። እኔ የተባልኩት ሌላ እጄ ሚገባው ሌላ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ዓመት ሰራሁ ሰረቁኝ ብዬ አለቅሳለሁ።

ካውንተር_3

@ፓርክ_ሺፍት_ቢ እህቴ ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቲቸር ሰሌዳ ላይ ብትጽፈው እንዲህ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በወጣው የግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም፣ ከሱ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 ፐርሰንት፣ ከዛ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እያለ እስከ 35 ይወጣል። 6,000 ብር ደሞዝ ያላትን ልጅ ያዝ፦ ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው 300፣ ከ4,000 እስከ 6,000 ባለው 400፣ ግብሩ 700። ጡረታ 7 ፐርሰንት 420። እጇ ሚገባው 4,880። ጡረታውን ደሞ አሰሪው ከራሱ 11 ፐርሰንት እንደሚጨምርላት ንገራት፣ ያም ለጡረታዋ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደሞዜ ከፍ ሲል ሙሉው በትልቁ ይቆረጣል ብሎ ነው፣ አይደለም፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ሌላ ሰሌዳ ላይ ሚገባ ነገር ልጨምር፣ የስልክ ብድር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀምር መላኪያ ነበር፣ በ2014 መጨረሻ ላይ መላ፣ እንደኪሴ፣ ሳንዱቅ ተብሎ ብድርና ቁጠባ መጣ፣ አሁን ባንኮቹም ያለ መያዣ በስልክ ያበድራሉ። ነገሩ መጥፎ አይደለም፣ አባባ እንዳሉት መያዣ የሌለው ሰው የት ይሂድ። ግን ልጆቹ በወርና በዓመት መሀል ያለውን ይለዩ። ለምሳሌ 1,000 ወስደህ በ30 ቀን 1,080 መልስ ቢልህ 80 ብር ምን አላት ትላለህ፣ ያ ግን በወር 8 ነው፣ በየወሩ ብታድሰው በዓመት 96 ፐርሰንት፣ 960 ብር። ያንተ ቁጠባ በዓመት 70 ብር ሲያመጣ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍና ዝም በል፣ ሌላ ምንም አትናገር።

ነንካፌ

960ን አይቼ ስልኬን ሶፋው ስር ወረወርኩት

የታቦር_ጥላ

አክሲዮንስ አታስተምርም? አጎቴ የኢትዮ ቴሌኮምን 33 አክሲዮን በ300 300 ብር ገዝቶ 9,900 ብር፣ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቦ ባለድርሻ ሆንኩ ብሎ ዶሮ ሊያሳርድ ነበር።

ካውንተር_3

መጀመሪያ 12,050ን በፊደል ይጻፉ።

ቾክ_አቧራ

ሶስት አርብ አልፏል፣ ሪፖርት ላድርግ።

የመጀመሪያው አርብ የስልክ ነገር ነበር። ሁለት ልጆች ወጥተው አንዱ አጭበርባሪ አንዷ ባለስልክ ሆነው ተጫወቱ። አጭበርባሪ ሆኖ የወጣው ልጅ እንዴት እንደቻለበት ልነግራችሁ አልችልም፣ ድምፁን ቀይሮ "ክቡር ደንበኛችን" ሲል ክፍሉ ሞተ በሳቅ፣ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ኮዱን ተቀበላት፣ እየሳቀች እያወቀች ሰጠችው። ከዛ ሳቁ ቆመ። የአሳዋ ልጅ ዝም ብላ ነበር ስታይ የነበረው፣ መጨረሻ ላይ እጇን አውጥታ "እሱ ሲያጣድፍሽ ነው ዝጊው ማለት ያለብሽ፣ ባንክ አያጣድፍም፣ ባንክ ያስጠብቃል" አለች። የባንክ ሰልፍ ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ @ካውንተር_3 ይቅርታ።

ሁለተኛው ወይዘሮ እገሊት። ገቢዋን 9,000 አደረግነው፣ ልጆቹ ዋጋ ይዘው መጡ፣ ደምረን ስናየው ወር ሳያልቅ ብሩ አለቀባት። ከየት ይቀነስ? አንዱ ከኋላ "እድሩን ታቁመው፣ ማንም አልሞተባትም" አለ። በቃ ጦርነት። "ቢሞትባትስ? ድንኳኑን ማን ይተክልላታል? አንተ?" ግማሹ ክፍል ቆመ። እኔ ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ ላስረዳ ማስታወሻ ጽፌ ነበር የመጣሁት፣ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በመጨረሻ የቀነሱት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የልጇን የስልክ ፓኬጅ። ራሳቸው ላይ ፈረዱ።

እና አንዱ "ቲቸር ባንኩ ራሱ ቢከስርስ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ አላውቅም ብዬ ሄጄ አጣራሁ፣ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሚባል አለ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ሚሸፍን። እኔም ራሴ በዚህ ዕድሜዬ አሁን ነው ያወቅኩት፣ እፍረቱን ተዉት።

ሶስተኛው ላይ እቁቡን በካርቶን ጀመርን። ዳኛ ተብሎ የተመረጠው ያው አጭበርባሪ ሆኖ የተጫወተው ልጅ ነው። ለምን እሱን ስላቸው "መንገዱን ያውቀዋል፣ አይበላንም" አሉኝ።

የአሳዋ ልጅ እናቷን ይዛ ሄዳ ፋይዳዋን የልደት ካርዷን ይዛ በናቷ ሞግዚትነት በስሟ አካውንት ከፈተች። 3,400ው አልተመለሰም፣ ፖሊስ ጋ ቃል ሰጥተዋል፣ እንጃ።

የእቁብ_ዳኛ

እናትየው እቁብ ካላት ጠይቅልኝ። ከሌላት እኛ ጋ ቦታ አለ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ ለሷ እናደርግላታለን፣ ሰዎቹን እኔ አናግራለሁ።

ቾክ_አቧራ

አባባ ምን እላለሁ። በውስጥ መስመር ስልክዎን ይላኩልኝ።

ካውንተር_3

እኔ በሚቀጥለው አርብ ከሰዓት ፈቃድ ወስጃለሁ። ስንት ሰዓት ነው? ገቢና ወጪ ፎርም ይዤ እመጣለሁ፣ ስንት ላርገው?

ቾክ_አቧራ

8 ሰዓት ተኩል። 64 ነን።

ካውንተር_3

100 አመጣለሁ። በፊደል ሲጽፉ ሚያበላሹትን ታያለህ።